ጃፓን ሄዶ መማር፦ ለማን፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ?

ጃፓን ሄዶ የመማር ጉዳይ በቤተሰብ መካከል ሲነሣ ብዙውን ጊዜ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» በሚል አጭር ጥያቄ ይመጣል። በዚህ መልኩ እስከቀረበ ድረስ ግን የረባ መልስ አያገኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የደረሰች የምሕንድስና ተማሪና ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌጅ የገባች የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ልጅ የሚጠይቁት በቃል አንድ ይምሰል እንጂ በነገሩ ለየቅል ነው። የአዲስ አበባዋ የምትወስነው የጀመረችውን ትታ እንደገና ከሀ ብላ ትጀምር እንደሆነ ነው። የሜሪላንዷ የምትወስነው ከአራቱ የኮሌጅ ዓመታት አንዱን የት እንደምታሳልፈው ነው። የአንዷ ስሕተት ዓመታት ያስከፍላል፤ የሌላዋ አንድ ሴሚስተር። ስለዚህ መንገዶቹን ለያይቶ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚጠይቅና ለማን እንደሚበጅ ማየት ይሻላል።

ከተቀባዩ አገር እንነሣ። ጃፓን የውጭ ተማሪ ትፈልጋለች፤ ፍላጎቷም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በጠቅላይ ሚኒስትር ናካሶኔ ዘመን የውጭ ተማሪዎችን ቁጥር 100,000 ለማድረስ ታቀደ፤ በ2003 ተደረሰበት። በ2008 ግቡ ወደ 300,000 ከፍ አለ፤ በ2019 ታለፈ። በሜይ 2024 በአገሪቱ የነበሩት የውጭ ተማሪዎች 336,708 ሲሆኑ አሁን የተያዘው ግብ በ2033 ቁጥሩን 400,000 ማድረስ ነው። ከዚህ ሁሉ ጥድፊያ በስተጀርባ ያለው የወጣቶች መመናመን ነው። በ1992 ዕድሜያቸው 18 የሞላ ጃፓናውያን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ ዛሬ የዚያን ግማሽ ያህል ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን በዚያው ልክ አልቀነሱም፤ ከግል ዩኒቨርሲቲዎች ከግማሽ የሚበልጡት ያዘጋጁትን ቦታ የሚሞላ ተማሪ አጥተዋል። አመልካቹ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። «ተቀበሉኝ» ማለት ብቻውን የትምህርት ቤቱን ጥራት አይመሰክርም፤ ወንበሩን የሚሞላለት ሰው የሚፈልግ ትምህርት ቤትም አለና። እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ1,600 በላይ የውጭ ተማሪዎች የገቡበት እንደማይታወቅ ይፋ ሲሆን ጃፓናውያን ራሳቸው ደንግጠው ነበር።

ከመንገዶቹ ሁሉ የቀለለው የተማሪ ልውውጥ ነው። ተማሪው ክፍያውን ለራሱ ኮሌጅ እየከፈለ፣ ኮሌጁ ስምምነት ባለው የጃፓን ዩኒቨርሲቲ አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ዓመት ይማርና ክሬዲቱን ይዞ ይመለሳል። አሜሪካ ላሉ ልጆቻችን የፌዴራል የትምህርት እርዳታቸውም ኮሌጃቸው ባጸደቀው ፕሮግራም ላይ ሊውል ይችላል። ፔል ግራንት የተባለውን የፌዴራል እርዳታ የሚያገኝ አሜሪካዊ ዜጋ ተማሪ ደግሞ ለጊልማን ስኮላርሺፕ ማመልከት ይችላል፤ እስከ 5,000 ዶላር፣ ጃፓንኛ እየተማረ ለሚሄድ እስከ 8,000 ዶላር ይደርሳል። የጃፓን መንግሥት የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ጃሶ፣ በተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ በኩል ለሚመረጡ የልውውጥ ተማሪዎች በወር 80,000 የን ይሰጣል። ታክሲ እየነዱ፣ ሆስፒታል ሌሊት እየሠሩ ልጅ የሚያስተምሩ ወላጆች «ይህ የሀብታም ልጆች ነገር ነው» ብለው ገና ሳይጠይቁ ሲተዉት በጣም ያሳዝናል። የጊልማን ገንዘብ የተቀመጠው ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ልጆች ነው፤ የእነርሱም ልጅ ከእነዚያ መካከል ነው።

ልውውጡን የሚያከብደው የቀን መቁጠሪያው ነው። የጃፓን የትምህርት ዘመን በኤፕሪል ይጀምርና በማርች ያልቃል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ማብቂያ ወይም ኦገስት መግቢያ፣ ሁለተኛው ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ ማብቂያ ወይም ፌብሩዋሪ ይዘልቃል። በሴፕቴምበር የሄደ ልጅ ፈተናውን ጨርሶ አሜሪካ ሲገባ የኮሌጁ የሁለተኛው ሴሚስተር ትምህርት ከተጀመረ ሰንብቷል። በዚህ ምክንያት ለአንድ ሴሚስተር ያሰቡ ተማሪዎች ሳይፈልጉት የሁለት ሴሚስተር ጊዜ ያጣሉ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ተማሪዎች ብቻ በዲሴምበር የሚያልቅ ልዩ ሴሚስተር ያዘጋጃሉ፤ ይህ መኖሩን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

በግሪን ካርድ ለሚኖሩ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ በብዙ ቤት ሲዘነጋ ይታያል። ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ መቆየት ለዜግነት የሚቆጠረውን ያልተቋረጠ የነዋሪነት ጊዜ ጥያቄ ውስጥ ያስገባል። ከዓመት በላይ ለሚቆይ ደግሞ የመመለሻ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣት ግድ ነው። ዜግነት ለማመልከት ጥቂት ወራት የቀረው ልጅ መጀመሪያ ዜግነቱን ቢጨርስ ይሻለዋል። ጃፓን የትም አትሄድም።

አንድ ሴሚስተር ወይስ አንድ ዓመት? በእኔ እምነት ጃፓንኛ ጨርሶ ሳይጀምሩ ለአንድ ሴሚስተር መሄድ ወጪውን አይመልስም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በወረዳው ጽሕፈት ቤት አድራሻ በማስመዝገብ፣ የጤና መድን በመግባት፣ የባንክ ሒሳብና ስልክ በማውጣት ያልፋሉ። ጓደኝነት ደግሞ እዚያ በክፍል ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው «ሳኩሩ» በሚሏቸው የተማሪ ክበባት ነው፤ ክበባቱ አዲስ አባል የሚቀበሉት በአብዛኛው በኤፕሪል ነው። በሴፕቴምበር የሚደርስ ልጅ ሁሉም ከተቧደነ በኋላ ይገባል፤ ሰው መልመድ ሲጀምር የመመለሻው ቀን ይደርሳል። አንድ ዓመት ከሆነ ግን ሁለተኛው መንፈቅ የመጀመሪያውን ይክሳል። ከአንድ ሴሚስተር በላይ የማይችል ሰው በኤፕሪል የሚጀምረውን ቢመርጥ የተሻለ ያተርፋል።

የትምህርት ቤቱ ምርጫ ከከተማው ምርጫ ይበልጣል፤ ብዙዎች ግን ቶኪዮን ይመርጡና ትምህርት ቤቱን በኋላ ይፈልጋሉ። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ክፍሎች ሁሉ አንድ አይደሉም። በብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ትምህርት ለልውውጥ ተማሪዎች ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ አሜሪካዊው ከአውስትራሊያዊውና ከጀርመናዊው ጋር ተቀምጦ ስለ ጃፓን ይማርና ጃፓናዊ ሳያውቅ ይመለሳል። ይህን ለማምለጥ የሚሻ ሰው የሚያያቸው ጥቂት ቤቶች አሉ። በ2004 የተከፈተው የዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ሊበራል ጥናቶች ፋኩልቲ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ጃፓናውያኑን ተማሪዎች ደግሞ አንድ ዓመት ወደ ውጭ ይልካቸዋል። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የአኪታ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ከዋና ከተማው ርቆ በሰሜን በረዶ አገር ያለ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹም በዶርም ይኖራሉ። በደቡብ፣ ቤፑ በምትባለው የፍል ውኃ ከተማ፣ በ2000 የተከፈተው የሪትሱሜይካን እስያ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ከውጭ የመጡ ናቸው። በቶኪዮ ዳርቻ ሚታካ ያለው ዓለም አቀፍ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ከ1953 ጀምሮ በሁለት ቋንቋ ሲያስተምር ኖሯል። የትኛውንም ከመምረጥ በፊት ለዓለም አቀፍ ቢሮው የሚላክ አንድ ጥያቄ አለ፤ «በምወስደው ክፍል ውስጥ ስንት ጃፓናውያን ይቀመጣሉ?»። መልሱ ከደረጃ ሰንጠረዥ የበለጠ ይናገራል።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው ግን በቋንቋው ላይ ነው። ብዙ ሰው ጃፓንኛን ይፈራል፤ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ ባወጣው ምደባ ጃፓንኛ 88 ሳምንት የክፍል ትምህርት ሲጠይቅ አማርኛ የዚያን ግማሽ፣ 44 ሳምንት ይጠይቃል። ልኬቱ ግን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሰፋ ነው። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ብዙ ነገር ቀድሞ ያውቀዋል። ጃፓንኛም ግሱን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያሳርፋል። «ትናንት የመጣው ልጅ» ስንል ገላጩን ሐረግ እንደምናስቀድመው ጃፓናውያንም ያስቀድማሉ። ለታላቅ የሚነገረውና ለእኩያ የሚነገረው ግስ መለያየቱ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀውን ሲያስጨንቀው እኛ «አንተ»ና «እርስዎ»ን ስንለይ ያደግን ነን። ሂራጋናና ካታካና የተባሉት ሁለቱ ፊደሎቻቸው እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ሆሄያት አሏቸው፤ አብዛኞቹም እንደ ፊደላችን ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አጣምረው ይይዛሉ። ሀ ሁ ሂ ብሎ የቆጠረ ልጅ በጥቂት ሳምንታት ያጠናቸዋል። ከባዱ ካንጂ ነው። ለዕለት ተዕለት ጽሕፈት የተወሰኑት 2,136 የቻይና ምልክቶች ናቸው፤ አንዱ ምልክት እንደ ቦታው በተለያየ ድምፅ ይነበባል። ለዚህ አቋራጭ የለም፤ በየቀኑ መጻፍ ብቻ ነው።

«ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋው አያስፈልገኝም» የሚል ተማሪ ስለ ክፍሉ እውነቱን ነው። ስለ ሐኪም ቤቱ፣ ስለ ቤት አከራዩ፣ ስለ ክበቡና ስለ ሥራው ግን ተሳስቷል። የጃፓንኛ ብቃት ፈተና ከኤን5 እስከ ኤን1 አምስት ደረጃዎች አሉት። ከመሄድ በፊት ኤን4 የደረሰ ልጅ ከሱቅ ይገዛል፣ መንገድ ይጠይቃል፣ ክበብ ውስጥ ገብቶ ይስቃል። በጃፓንኛ በሚሰጥ መደበኛ ክፍል ለመቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ኤን2 ወይም ኤን1 ያስፈልጋል። ስለዚህ በሦስተኛ ዓመቱ ሊሄድ ያሰበ በአንደኛ ዓመቱ ይጀምር። ኮሌጁ ጃፓንኛ የማያስተምር ከሆነና ራሱም ለመጀመር ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ጃፓን መሄዱን እንዲተወው እመክራለሁ፤ ሌላ አገር ሄዶ የበለጠ ያገኛል።

አሁን ወደ አዲስ አበባዋ ተማሪ እንመለስ። ከኢትዮጵያ ሆኖ ሙሉ ዲግሪ ለመማር ዋናው በር የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ሜክስት የሚባለው ነው። ከ1954 ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን በአዲስ አበባ ያለው የጃፓን ኤምባሲ ማመልከቻ ተቀብሎ፣ ፈትኖና ቃለ መጠይቅ አድርጎ ለቶኪዮ ያቀርባል። ለመጀመሪያ ዲግሪ የተመረጠ ተማሪ የትምህርት ክፍያውና የአውሮፕላን ትኬቱ ይሸፈንለታል፤ በወር 117,000 የን ያገኛል። አንድ ዓመት ቋንቋ ይማርና አራት ዓመት ዲግሪውን ይቀጥላል፤ ሕክምና ከሆነ ጊዜው ይረዝማል። የሚጥለው ፈተናው ነው። እንግሊዝኛና ጃፓንኛ ለሁሉም አሉ፤ በሒሳብ በኩል የሚመጣው ጥያቄ ጠንካራ የነበሩ ተማሪዎችን ሳይቀር ያንገዳግዳል። በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል የሚያመለክት ኬሚስትሪንና ከፊዚክስ ወይም ከባዮሎጂ አንዱን ይጨምራል። የቀድሞ ዓመታት ፈተናዎች በይፋ ስለሚለቀቁ፣ ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት እነርሱን መሥራት ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ ይበልጣል።

እዚህ ላይ የምጸናበት ነገር አለ። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረው ዓመት አይቆጠርለትም፤ ከአንደኛ ዓመት ይጀምራል፤ ከዚያም በፊት የቋንቋው ዓመት አለ። 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ወይም አንደኛ ዓመት ላይ ያለ፣ በሒሳብ የሚተማመን ልጅ ይሞክር። ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ግን ዲግሪውን ጨርሶ ለሁለተኛ ዲግሪ ቢያመለክት ይሻለዋል። ያው የጃፓን መንግሥት ለድኅረ ምረቃ በወር 143,000 የን ገደማ ይሰጣል፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የማስተርስ ፕሮግራሞችም ብዙ ናቸው፤ ተማሪውም የሚቀበለውን ፕሮፌሰር በስሙ ያውቀዋል። በ2013 በዮኮሃማ በተደረገው የአፍሪካ ልማት ጉባኤ ላይ ይፋ የሆነውና የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት በሆነው በጃይካ የሚመራው አቤ ኢኒሺየቲቭ ደግሞ ማስተርስን በጃፓን ኩባንያዎች ውስጥ ከሚደረግ የሥራ ልምምድ ጋር ያጣምራል። «ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን» ለሚሉ ደላሎች አንድ ብር መክፈል አይገባም። ለሜክስት ማመልከቻ ክፍያ የለም፤ ቅጹም የሚገኘው በነጻ ነው።

በራስ ገንዘብ ከኢትዮጵያ መሄድ ለጥቂቶች ብቻ የሚቻል ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የዓመቱ መደበኛ ክፍያ 535,800 የን፣ የመግቢያው 282,000 የን ነው፤ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ከ2025 ጀምሮ የዓመቱን ወደ 642,960 አሳድጎታል፤ የግሎቹ ከዚህ ይበልጣሉ። የየኑ መውደቅ ነገሩን በሁለት በኩል ይቆርጠዋል። በ2021 መጀመሪያ አንድ ዶላር 103 የን ገደማ ነበር፤ በ2024 ክረምት 160 አልፎ ነበር። ዶላር ይዞ ለሚሄድ ጃፓን ረክሳለች ማለት ነው። የሜክስት ተማሪ ግን 117,000 የኑ ከ1,100 ዶላር በላይ የነበረው ወደ 730 ዶላር ወርዶበታል። ለራሱ አይጎድልበትም፤ ለቤተሰብ እልካለሁ ብሎ ያሰበ ግን ይቸገራል። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ፈቃድ አውጥቶ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ይችላል፤ በቶኪዮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ 1,163 የን ነበር። 28 ሰዓቱን አልፎ መገኘት ቪዛውን ያሳጣል። በሥራ ገቢ ትምህርት እከፍላለሁ የሚል ዕቅድ ቋንቋ ለማይችል ሰው አይሠራም፤ ለሚችለውም ትምህርቱን ይበላበታል።

ስለ ኑሮው ከሚነገረው የማይነገረው ይበዛል። የአብዛኛው ሾርባና ወጣቸው መሠረት ዳሺ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይወጣል። ዓሣ የማይበላ ጿሚ «አትክልት ብቻ» ተብሎ የቀረበለት ምግብ ውስጥ ሳያውቅ ያገኘዋል። ሙስሊም ተማሪም ሚሪን የተባለው ማጣፈጫ አልኮል ያለበት መሆኑን ማወቅ አለበት። ሩዝ፣ ቶፉ፣ ጎመንና ድንች በየሱቁ ስለሚገኙ በዶርም ወጥ ቤት ራሱ የሚያበስል ሰው ጾሙን ያለ ብዙ ችግር ይይዛል። በቶኪዮ ካትሱሺካ ክፍለ ከተማ ኢትዮጵያውያን ተሰባስበው ይኖራሉ፤ እንጀራም አለ። ቤት መከራየት ዋስ ይጠይቃል፤ ለአከራዩ የማይመለስ የስጦታ ገንዘብም ሊኖርበት ይችላል። የጃፓን ፍትሕ ሚኒስቴር በ2017 ይፋ ባደረገው ጥናት ቤት ከፈለጉ የውጭ ሰዎች አርባ በመቶ ያህሉ በባዕድነታችን ተከልክለናል ብለዋል። ጥቁር ተማሪ በባቡር ውስጥ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ሲቀር የሚሰማው ነገር ልጅን ሊያቆስል ይችላል፤ ወላጅ አስቀድሞ ሊያነጋግረው ይገባል። ያም ሆኖ ሴት ልጅ ከቤተ መጻሕፍት ወጥታ በእኩለ ሌሊት ብቻዋን ወደ ዶርሟ የምትሄድበት አገር ነው፤ ለእናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ዶርም ከተገኘ ሌላ ቤት መፈለግ አያስፈልግም።

ድንገተኛው ነገርም ይታሰብ። የ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ይታወሳል። ከዚያ ያነሰ የሚታወሰው የኮሮናው ዘመን ነው፤ ጃፓን በሯን ዘግታ እስከ 2022 መጀመሪያ ስታቆይ 150,000 ያህል ተማሪዎች የመግቢያ ወረቀታቸውን ይዘው በየአገራቸው ቀርተዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ጠፍቶ አይሂድ፤ የማቋረጫ (ዊዝድሮው) ቅጽ ሞልቶ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ቅጂውን ለቤተሰቡ ሰጥቶ ይውጣ። አሜሪካ ያለውም የሚወስዳቸው ኮርሶች እንደሚቆጠሩለት ከዲፓርትመንቱ በጽሑፍ ሳይቀበል ትኬት አይቁረጥ።

ጃፓን በእኛ ዘንድ ከትምህርት ቤቷ በፊት ስሟ የገባ አገር ናት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 እዚያ ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ፤ የዚያው ዓመት ሕገ መንግሥታችን ከ1889ኙ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። በ1964 አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ደገመ፤ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ይህ ሁሉ በጃፓን ላይ ጥሩ ግምት አውርሶናል፤ ግምቱ ግን ለወጣቱ ውሳኔ አይበቃም። ዛሬ የሚደርስባት ጃፓን ሽማግሌ የበዛባት፣ ተማሪዎቿ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሥራ ፍለጋ የሚጀምሩባት፣ ኩባንያዎቿ አዲስ ተመራቂን በኤፕሪል በአንድ ላይ የሚቀጥሩባት አገር ናት። እዚያ ዲግሪ ጨርሶ ሥራ መያዝ የሚሻ ያንን ወቅት ካሳለፈ በሩ ይጠብበታል፤ ከተመረቀ በኋላ ሥራ ለመፈለግ የሚሰጠው ቪዛም እስከ አንድ ዓመት ነው።

እዚያ ተምራችሁ የተመለሳችሁ ወይም ዛሬም ያላችሁ፣ ልጆች ሲጠይቋችሁ የቼሪ አበባውን ፎቶ ብቻ አታሳዩአቸው። የሒሳቡን ፈተና እንዴት እንዳለፋችሁት፣ የመጀመሪያውን ክረምት በምን እንደተወጣችሁት፣ የን ስንት ይዛችሁ እንደሄዳችሁና ምን እንደጎደላችሁ በአማርኛ ጻፉላቸው። የሚያመለክቱት ከሚያዝያ ጀምሮ የኤምባሲውን ማስታወቂያ ይከታተሉ፤ አሜሪካ ያላችሁ የጊልማን ማመልከቻ በማርችና በኦክቶበር እንደሚዘጋ አትርሱ።